የአንድ ምርጫ ክልልን የምርጫ ታሪክ ከዜሮ ተነስቶ እንዴት ማዘጋጀት ይቻላል? ዝርዝር መመሪያ

ምርጫ በደረሰ ቁጥር "እኛ አካባቢ ድሮ ማን ነበር ያሸነፈው?" የሚል ጥያቄ ይነሳና ሁሉም ከትዝታው ያወራል። አንዱ ተቃዋሚው ቅንጅት ነው ይላል፣ ሌላው ኧረ ያኔ ገዢ የነበረው ኢህአዴግ ነው ይላል፣ ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ ምክንያቱም አንዱ የሚያወራው ስለ ግንቦት 97ቱ ምርጫ ነው ሌላው ስለዚያው ዓመት የነሐሴ ድጋሚ ምርጫ ነው። አገር አቀፉን ቁጥር ማንም ይነግራችኋል፣ በ97 ኢህአዴግ 327፣ ቅንጅት 109፣ ሌላው የተቃዋሚዎች ጥምረት ኅብረት 52። ወደ አንድ ምርጫ ክልል ወርዳችሁ ማን ከማን ጋር ተወዳደረ፣ በስንት ድምፅ ተለያዩ ስትሉ ግን መልሱ እዚህም እዚያም ተበታትኖ ነው ያለው። ይሄ መመሪያ ያንን ሰብስቦ የአንድ የተወካዮች ምክር ቤት ምርጫ ክልልን ታሪክ በሰንጠረዥ ማስቀመጥ ለሚፈልግ ሰው ነው። ኤክሴል ወይም ጎግል ሺት ይበቃችኋል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ በኛ አቆጣጠር ናቸው።

1. መጀመሪያ መሬቱን እወቁ፣ ቁጥሩ ይቆይ

ብዙ ሰው ዘሎ ውጤት ፍለጋ ይገባል። እኔ ግን መጀመሪያ ምርጫ ክልሉ የትኛውን ቀበሌና ወረዳ እንደሚይዝ ለዩ ነው የምለው፣ ምክንያቱም ምርጫ ክልል ማለት ወረዳ ማለት አይደለም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 ላይ የምክር ቤቱ አባላት ቁጥር ከ550 አይበልጥም ይላል፣ በተግባር ያለው 547 ነው። እሱም ኦሮሚያ 178፣ አማራ 138፣ የድሮው ደቡብ 123፣ ትግራይ 38፣ አዲስ አበባ 23፣ ሶማሌ 23፣ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ 9፣ አፋር 8፣ ጋምቤላ 3፣ ሐረሪ 2፣ ድሬዳዋ 2። አንቀጽ 103 ደግሞ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ቆጠራ ይካሄዳል፣ በዚያ ላይ ተመስርቶ ምርጫ ቦርድ በሚያቀርበው ረቂቅ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የምርጫ ክልል ወሰን ይወስናል ይላል። የመጨረሻው ቆጠራ የ1999ኙ ነው፣ ከዚያ በኋላ የታቀደው ሲራዘም ሲራዘም ቀረ።

ይሄ ለናንተ ሥራ ምን ማለት ነው? ወረዳዎች ባለፉት ሠላሳ ዓመታት እየተሰነጠቁ፣ አዲስ ስም እያወጡ፣ ከዞን ዞን እየተዘዋወሩ መጥተዋል፣ የምርጫ ክልሉ ስም ግን ብዙ ቦታ ባለበት አለ። ስለዚህ የአሁኑን ወረዳ ስም ሰርች አድርጋችሁ ምንም ካላገኛችሁ አትደንግጡ፣ ወረዳው ከየትኛው ወረዳ ተከፍሎ እንደወጣ ጠይቁና በናትየው ወረዳ ስም ፈልጉ። ለዚህ ከድረ ገጽ ይልቅ የወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ውስጥ ረጅም ጊዜ የሠሩ ሰዎች በአምስት ደቂቃ ይነግሯችኋል።

አዲስ አበባ ለየት ትላለች። ወንበሩ 23 ሆኖ የምርጫ ክልል ቁጥሩ ግን እስከ 28 ይሄዳል፣ ምክንያቱም ቁጥሩ የተወረሰው ከተማዋ በ28 ወረዳ ተከፍላ ከነበረችበት ዘመን ነው። በ1995 ወደ 10 ክፍለ ከተማ ስትዞር፣ ከዚያ ደግሞ 11ኛው ለሚ ኩራ ሲጨመር የምርጫ ክልሉ ቁጥር አብሮ አልተቀየረም። ስለዚህ "የኛ ወረዳ 5 ነው ስለዚህ ምርጫ ክልል 5 ነን" ብሎ መነሳት በጣም የተለመደ ጥፋት ነው፣ የዛሬው ወረዳ 5 እና ምርጫ ክልል 5 የሚያገናኛቸው ነገር የለም። አንዳንዱ ደግሞ ሁለት የድሮ ወረዳ በአንድ ላይ ተደርቦ በሁለት ቁጥር የሚጠራ ነው።

ደቡብ ላይ ያላችሁ ደግሞ ክልሉ ራሱ ስለተከፋፈለ ሌላ ኮለም ያስፈልጋችኋል። ሲዳማ በ2012፣ ደቡብ ምዕራብ በ2014፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በ2015 ነው የወጡት። ሆሳዕና ያለ ምርጫ ክልል በ1997 ውጤት ውስጥ ደቡብ ስር ነው፣ ዛሬ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ስር ነው፣ መሬቱ ግን ያው ነው። በ2013ቱ ምርጫ ከ123ቱ 19 ወንበር ወደ ሲዳማ ሄዶ ለደቡብ 104 እንደቀረለት ስታዩ ግራ እንዳትጋቡ።

2. የምርጫዎቹን ቀን ዝርዝር ቀድማችሁ ሙሉ

ሰንጠረዡን ስትከፍቱ ረድፎቹን ውጤት ሳታገኙ በፊት በምርጫ ቀን ሙሏቸው። እንደዛ ካደረጋችሁ የጎደለው ቶሎ ይታያችኋል።

እስከ ስድስተኛው ድረስ ለተወካዮች ምክር ቤት የተደረጉት ጠቅላላ ምርጫዎች እነዚህ ናቸው፣ ሚያዝያ 29 ቀን 1987፣ ግንቦት 6 ቀን 1992፣ ግንቦት 7 ቀን 1997፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ግንቦት 16 ቀን 2007፣ ሰኔ 14 ቀን 2013። የመጨረሻው መጀመሪያ ለነሐሴ 2012 ተይዞ በኮቪድ የተራዘመው ነው። ከ1987 በፊት በ1986 የሕገ መንግሥት ጉባኤ አባላት ምርጫ ነበረ፣ እሱም 547 ወንበር ነበረው፣ ግን ፓርላማ አይደለምና ለብቻው በማስታወሻ አስቀምጡት እንጂ ከሌሎቹ ጋር አትደርድሩት።

ከዚያ ዝርዝሩ ላይ የሚያደናግሩት ይመጣሉ፣ እዚህ ጋ ትንሽ ረጋ በሉ።

ሶማሌ ክልል ብዙ ጊዜ ከሌላው ቦታ ዘግይቶ ነው የመረጠው፣ በ1992 ነሐሴ 25፣ በ1997 ነሐሴ 15፣ በስድስተኛው ምርጫ ደግሞ መስከረም 20 ቀን 2014። የመጨረሻውን ልብ በሉት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ሁለቱም ዙር 2021 ስለሆነ ችግር የለም፣ በኛ ግን ዓመቱ ተለውጧል፣ ስለዚህ አንዱ "የ2013 ምርጫ" ብሎ ሲጽፍ ሌላው "የ2014" ይለዋል፣ እናንተ ሁለት ምርጫ መስሏችሁ ሁለት ረድፍ ትከፍታላችሁ። "ስድስተኛ ጠቅላላ ምርጫ" ብላችሁ በተራ ቁጥር ጻፉት፣ ቀኑን በሌላ ኮለም አስቀምጡ፣ ያልቃል።

በ1997 ከግንቦቱ በኋላ ከቀረቡት አቤቱታዎች ተነስቶ በ31 ምርጫ ክልሎች ነሐሴ 15 ድጋሚ ምርጫ ተካሂዷል። ምርጫ ክልላችሁ ከ31ዱ አንዱ ከሆነ የግንቦቱም የነሐሴውም ውጤት ሁለት የተለያየ ረድፍ ነው፣ የመጨረሻውን ብቻ ጽፎ መጀመሪያውን ማጥፋት ታሪኩን ግማሹን መቅደድ ነው። የታወቀው ምሳሌ ሰሜን ወሎ ቡግና ነው፣ የወቅቱ የማስታወቂያ ሚኒስትር በረከት ስምዖን በግንቦቱ ተሸንፈው በድጋሚው አሸንፈዋል። የመጨረሻውን ብቻ ያየ ሰው ቡግና ላይ ምንም አልተፈጠረም ነው የሚለው!

ሌላው ማሟያ ምርጫ ነው። በሚያዝያ 2000 የአካባቢ ምርጫ ሲደረግ አብሮ ክፍት ለነበሩ የፓርላማ ወንበሮች ማሟያ ምርጫ ተካሂዷል፣ አዲስ አበባ ላይ የምትሠሩ ይሄን ከዘለላችሁ በ1997 ቅንጅት 23ቱንም ወንበር ካሸነፈበት ውጤት ቀጥታ ወደ 2002 ትገቡና መሀል ላይ ወንበሩ እንዴት እጅ እንደቀየረ አይገባችሁም።

በስድስተኛው ምርጫ ደግሞ ድምፅ ያልተሰጠባቸው ቦታዎች አሉ። ትግራይ 38ቱም፣ ከዚያ በፀጥታ ምክንያት መተከልና ካማሺን ጨምሮ የተለያዩ ቦታዎች። ትግራይ ላይ ጳጉሜ 2012 የተደረገው ለክልሉ ምክር ቤት ነው፣ ፌዴራል ፓርላማ ረድፍ ውስጥ አይገባም። በሰኔ 2016 ደግሞ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ፣ አፋር፣ ሶማሌና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ቀሪና ድጋሚ ምርጫ የተደረገባቸው ምርጫ ክልሎች አሉ። ምርጫ ያልተደረገበት ከሆነ ረድፉን አትሰርዙት፣ "አልተካሄደም" ብላችሁ ምክንያቱን ጻፉ።

3. ከ1987 በፊት ስላለው

ወደ ኋላ መሄድ ለሚፈልግ ሰው መንገድ አለ ግን አንድ ነገር ላስጠንቅቅ፣ የዛሬውን ምርጫ ክልል ከጃንሆይ ዘመን ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ማገናኘት አይቻልም።

በ1923ቱ ሕገ መንግሥት የመጣው ፓርላማ የሕግ መምሪያ አባላቱን የሚመርጡት መኳንንትና የአካባቢ ሹሞች ነበሩ፣ ሕዝብ ድምፅ አልሰጠም። ሕዝብ መምረጥ የጀመረው በ1948 ከተሻሻለው ሕገ መንግሥት በኋላ ነው፣ መጀመሪያ በ1950 መግቢያ ላይ ከዚያ በየአራት ዓመቱ በ1953፣ 1957፣ 1961 እና 1965። ፓርቲ የለም፣ ሁሉም በግሉ ነው፣ ዕጩ ለመሆን ደግሞ ንብረት ያስፈልጋል። አንድ የምርጫ ወረዳ ወደ 200 ሺህ ሕዝብ ይዞ ሁለት እንደራሴ ነው የሚልከው፣ ከ30 ሺህ በላይ ሕዝብ ያላቸው ከተሞች ተጨማሪ ወንበር ነበራቸው። ስንዱ ገብሩ የመጀመሪያዋ ሴት ተመራጭ ሆነው የገቡት በዚያው በመጀመሪያው ምርጫ ነው። ደርግ መጥቶ ይሄ ሁሉ ተቋረጠ፣ ከዚያ ሰኔ 7 ቀን 1979 ለብሔራዊ ሸንጎ 835 ወንበር ምርጫ ተደረገ፣ በብቸኛው ፓርቲ በኢሠፓ ሥር ስለነበረ የፓርቲ ፉክክር የሚባል ነገር የለውም።

እንግዲህ እነዚህን "ቅድመ ታሪክ" ብላችሁ በጽሑፍ አንድ ሁለት አንቀጽ ስጧቸው። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ የሚለው አከፋፈል ከዛሬው ካርታ ጋር ስለማይገጥም ፐርሰንት አወዳድሩ ቢሏችሁም እንዳትሞክሩት።

4. ቁጥሩን የት ነው የምናገኘው

ለቅርቦቹ ምርጫዎች የብሔራዊ ምርጫ ቦርድ ዌብሳይት መጀመሪያ ነው፣ የስድስተኛው ምርጫ ውጤት በምርጫ ክልል ተከፋፍሎ ወጥቷል። ያገኛችሁትን ፒዲኤፍ ወዲያው ዳውንሎድ አድርጉ፣ ሊንክ ነገ ላይሠራ ይችላል።

ለድሮዎቹ ጋዜጣ ነው። አዲስ ዘመን ከ1933 ጀምሮ ያለ ስለሆነ ከምርጫው ቀን ቀጥሎ ያሉትን ሁለት ሦስት ወራት ማገላበጥ ነው፣ ወመዘክር (ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት) ወይም ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ገብታችሁ። ከአንድ ጋዜጣ ብቻ አትውሰዱ፣ በተለይ የ97ን። በዚያ ሰሞን ጊዜያዊ ውጤት፣ የፓርቲ መግለጫ፣ የቦርድ ውጤት እየተቀላቀለ ይወጣ ነበር፣ ስለዚህ ቁጥር ባገኛችሁ ቁጥር ጎኑ ላይ "ጊዜያዊ" ወይም "የመጨረሻ" የሚል ምልክት አድርጉ። የታዛቢዎች ሪፖርት፣ ማለትም በ1997ም በ2002ም የመጣው የአውሮፓ ኅብረት ቡድን ሪፖርት ዓይነት፣ ስለ ድባቡና ስለ አቤቱታው ጥሩ ነው፣ የአንድን ምርጫ ክልል ድምፅ ቆጠራ ግን ከዚያ አትጠብቁ።

የአካባቢው ምርጫ ክልል ጽሕፈት ቤት ብዙውን ጊዜ ለምርጫው ተከፍቶ የሚዘጋ ጊዜያዊ ቢሮ ስለሆነ እዚያ ሄዶ የ1992 ወረቀት መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው። ከዚያ ይልቅ በዚያን ጊዜ የተወዳደሩ ሰዎችን ፈልጉ። በተለይ የተሸነፉትን። ያሸነፈው ሰው ስሙ ፓርላማ አባላት ዝርዝር ላይ አለ፣ የተሸነፈው ግን ብዙ ቦታ አይገኝም፣ ምርጫ ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈውን ውጤት ወኪሎቹ የገለበጡበትን ደብተር ቤቱ ያስቀመጠ ደግሞ እሱ ነው። በእጅ የተገለበጠ ደብተር የመጨረሻ ማስረጃ አይደለም፣ የቦርዱን ቁጥር ለማመሳከር ግን ወርቅ ነው።

5. ሰንጠረዡ

ኮለሞቹ ቢያንስ እነዚህ ይሁኑ፣ የምርጫው ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ዓይነት (ጠቅላላ፣ ድጋሚ፣ ማሟያ)፣ የዕጩው ስም ከነአያቱ፣ ፓርቲ በዚያን ጊዜ ስሙ፣ ያገኘው ድምፅ፣ ዋጋ አልባ ድምፅ፣ የተመዘገበ መራጭ፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ። አንድ ዕጩ አንድ ረድፍ። አንዳንዱ አንድ ምርጫ በአንድ ረድፍ አድርጎ ዕጩዎቹን ወደ ጎን ይደረድራል፣ ሲያዩት ያምራል ግን ዘጠኝ ዕጩ የቀረበበት ዓመት ሲመጣ ይበላሻል።

ስም ላይ ተጠንቀቁ። ኃይሌ፣ ሀይሌ፣ ሐይሌ ለኮምፒውተር ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሠ እና ሰ፣ ፀ እና ጸ፣ ዐ እና አ እንዲሁ። አንድ አጻጻፍ ምረጡና ለፍለጋ የሚሆን ተጨማሪ ኮለም ከፍታችሁ ሁሉንም ወደ አንድ ፊደል አምጡ፣ ዋናውን አጻጻፍ ግን እንዳለ ተዉት። ወልደጊዮርጊስ እና ወ/ጊዮርጊስ የሚለውም ያው ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን የክልል ምክር ቤት ድምፅ ነው። በአንድ ቀን፣ በአንድ ጣቢያ ሁለት የድምፅ መስጫ ወረቀት ይሰጣል፣ አንዱ ለፓርላማ ሌላው ለክልል ምክር ቤት። ለፓርላማ መራጩ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚመርጠው፣ ለክልል ምክር ቤት ግን ከአንድ ምርጫ ክልል ብዙ ሰው የሚወከልበት ቦታ አለና መራጩ ከአንድ በላይ ምልክት ያደርጋል። ስለዚህ የዕጩዎቹን ድምፅ ደምራችሁ ከተመዘገበው መራጭ በላይ ከመጣ ማጭበርበር አገኘን ብላችሁ ከመጮኻችሁ በፊት የያዛችሁት የክልሉ ምክር ቤት ወረቀት እንዳይሆን እዩ።

6. የፓርቲ ስም

ዕጩው በተወዳደረበት ቀን የነበረውን የፓርቲ ስም ጻፉ፣ የዛሬውን ወደ ኋላ አትለጥፉ። ለዝምድናው ሌላ ኮለም ክፈቱ። የኢህአዴግን አባል ድርጅቶች ብትወስዱ፣ ኢህዴን ብአዴን ሆነ፣ ብአዴን በ2011 አዴፓ ሆነ፣ ኦህዴድ ኦዴፓ ሆነ፣ እነሱና ደኢህዴን ከአጋሮቹ ጋር በ2012 ብልጽግና ገቡ፣ ህወሓት አልገባም። ሰው "ኢህአዴግ ነው የያዘው" ሲል ሶማሌ ወይም አፋር ላይ ከሆነ ልክ አይደለም፣ እዚያ የሚወዳደሩት የግንባሩ አባል ያልሆኑ አጋር ፓርቲዎች ነበሩ። በ2002 የኢህአዴግ 499 እና የአጋሮቹ 46 ተለይቶ የሚጻፈው፣ በ2007ም 500 እና 47 የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅንጅት ራሱ መኢአድ፣ ኢዴአፓ መድኅን፣ ኢዴሊና ቀስተ ደመና የሠሩት ጥምረት ነው። ከ97 በኋላ ሰዎቹ ተበታትነው አንዱ አንድነት ገባ፣ ሌላው ኢዴፓ ቀረ፣ በ2002 አንድነት መድረክ በሚባለው የተቃዋሚዎች ስብስብ ስር መጣ፣ በ2011 ደግሞ አርበኞች ግንቦት 7ንና ሰማያዊን ጨምሮ ፓርቲዎች ከስመው ኢዜማ ተመሠረተ። ስለዚህ "የቅንጅት ድምፅ ወደ ማን ሄደ" የሚለውን ከፓርቲ ስም ይልቅ ዕጩዎቹን በስም ተከታትላችሁ ብታዩት ይሻላል።

የግል ዕጩዎችን "ሌሎች" ውስጥ አታፍኗቸው። የቀድሞው ፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ በ1997 ደምቢ ዶሎ ላይ በግል ተወዳድረው አሸንፈዋል፣ በ2002 ከ547 ወንበር ከኢህአዴግና ከአጋሮቹ ውጭ የተገኙት ሁለቱ ብቻ ሲሆኑ አንዱ የመድረኩ ግርማ ሰይፉ ከአዲስ አበባ፣ ሌላው በግል የገቡት ዶ/ር አሸብር ወልደጊዮርጊስ ከከፋ ናቸው። እንዲህ ዓይነት ምርጫ ክልል የደረሳችሁ እድለኛ ናችሁ፣ የሚጻፍ ነገር ሞልቷል።

7. ማስላትና ማንበብ

የኛ ሥርዓት ቀላሉ የአብላጫ ድምፅ ነው፣ ከሁሉም ብልጫ ያገኘ ይገባል፣ ሃምሳ ሲደመር አንድ አይጠየቅም። ስሌቱ ለምሳሌ እንዲህ ነው፣ ሀ 18,000፣ ለ 14,000፣ ሐ 6,000፣ ዋጋ አልባ 2,000 ቢሆን ፐርሰንቱ የሚሰላው ከ40,000 ሳይሆን ዋጋ ካለው 38,000 ነው፣ ሀ 47.4፣ ለ 36.8፣ ሐ 15.8 በመቶ። የተሳትፎውን ስታሰሉ ግን ዋጋ አልባውም ይገባል፣ 50,000 ተመዝግቦ ከነበረ 80 በመቶ። ሁለቱን ማቀላቀል የተለመደ ነውና አንዴ ፎርሙላውን አስተካክላችሁ ወደ ታች ጎትቱት።

እዚህ ምሳሌ ላይ ለ እና ሐ ሲደመሩ ከሀ ይበልጣሉ። "ቢተባበሩ ያሸንፉ ነበር" ለማለት ግን አትቸኩሉ፣ የሐ መራጭ ለን ይመርጥ እንደነበር ማን ያውቃል?

በየዓመቱ ያለውን ልዩነት ስታነጻጽሩ ደግሞ ቁጥሩን ከሁኔታው ጋር አንብቡት። በ1987 ዋና ዋና ተቃዋሚዎች ራሳቸውን አግልለው ስለነበር ያኔ የተገኘ 95 በመቶና በ1997 የተገኘ 55 በመቶ አንድ ዓይነት ነገር አይለኩም፣ ዕጩ ባልቀረበበት ቦታ ድጋፍ ወረደ ወጣ ማለት ትርጉም የለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ከፐርሰንቱ በላይ የሚናገረው የዕጩዎች ብዛት ነው። አንድ ምርጫ ክልል ላይ ስንት ሰው ለመወዳደር ደፈረ፣ ስንቱ ከዚያው አካባቢ ነው፣ ስንቱ በሚቀጥለው ተመልሶ መጣ የሚለውን ስታዩ ታሪኩ ይገለጣል።

8. ሲያልቅ

ያላገኛችሁትን ቁጥር ዜሮ አትሙሉት፣ ባዶም አትተዉት፣ "አልተገኘም" ብላችሁ ጻፉ። ዜሮ ከሞላችሁ ፎርሙላው ይቆጥረዋል፣ ዕጩው አንድም ድምፅ አላገኘም ማለት ይሆናል። ዕጩ የነበረ ሰው ስምና ፓርቲው የአደባባይ መረጃ ስለሆነ መጻፍ ይቻላል፣ ስልኩን፣ የቤቱን አድራሻ፣ በደብተሩ ላይ ያሉ የታዛቢና የወኪል ስሞችን ግን አውጧቸው፣ ለማንም አይጠቅሙም ሰው ላይ ግን ችግር ሊያመጡ ይችላሉ።

ፋይሉን ስታጋሩ በስክሪንሾት አትላኩ፣ በኤክሴሉ ወይም በሲኤስቪ ላኩት፣ ሌላ ሰው የጎደለውን ረድፍ ካገኘ እንዲሞላበት። ፋይሉ ስም ላይ የምርጫ ክልሉን ስምና መጨረሻ ያስተካከላችሁበትን ቀን ጨምሩ፣ አለበለዚያ አራት ዓይነት ቅጂ በቴሌግራም ሲዞር የትኛው የተስተካከለው እንደሆነ ማንም አያውቅም።